የእብናት ገበሬና ራዲዮን፤ ስለ አንድ የተለመደ አስተያየት

ስለ ገጠር ሕዝብ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም የሰሜን ደጋ ገበሬ አዲስ መሣሪያ ሁሉ የሰይጣን ሥራ ስለሚመስለው ራዲዮንንም ስልክንም አያምንም የሚል ነው። ለማስረጃ የሚጠቀሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቴሌፎን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ አንዳንድ ካህናት ተቃወሙት የሚባለው ታሪክ ነው። የተወለድሁት እብናት ስለ ሆነ ይህን አስተያየት በዝምታ ለማለፍ አልቻልሁም።

በመጀመሪያ ነገር የእኛ አገር ሰው ከመሣሪያ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ ያን ከባድ ብረት በገደልና በዐቀበት እስከ መቅደላ የጎተተውም የአገሬው ጉልበት ነው። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ስንማር የሚነገረን የባለሙያዎቹ ስም ነበር፤ ስለ ጎታቾቹ የሰማሁት ከቤቴ ነው።)

ገበሬው ወሬ ሲሰማ አስቀድሞ «ማን ነገረህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወሬውን ያመጣው ከአዲስ ዘመን የመጣ ነጋዴ ከሆነ ነጋዴው ይታወቃል፤ ዋሽቶ ከተገኘም በሚቀጥለው ገበያ ያፍራል። በደጀ ሰላም፣ በሰንበቴና በማኅበር የሚነገረውም እንዲሁ ነው። አዝማሪውም ቢሆን መሰንቆውን ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር የሚባለው የዚህን መንገድ ኃይል ስለሚያውቁት ነው። ግራዚያኒም ዐውቆታል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ጠንቋዮች፣ ዕድል ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚተርኩ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዝዟል።

ራዲዮን ግን ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። ለዚህ ከራሷ ከእብናት የበለጠ ምሳሌ አላገኝም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ በእብናት መጠለያ ተሰብስቦ ነበር። በሚያዝያ ወር ባለሥልጣኖች ሕዝቡን በግድ አስወጥተው ጎጆዎቹን አቃጠሉ፤ በጊዜው የወጡ ዘገባዎች የተባረረውን ሰው ወደ 50,000 ያደርሱታል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ደካሞችና በሽተኞች ነበሩ። በመጀመሪያ ሰዎቹ በፈቃዳቸው ወደ ቀያቸው ተመለሱ ተባለ፤ ኋላ ግን ድርጊቱ ስሕተት እንደ ነበረ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አመኑ። ነገሩን ለዓለም ያሰሙት በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር የርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ናቸው። ጭሱን ከደጁ ሆኖ ያየ ሰው «በፈቃዳቸው ሄዱ» የሚል ቃል ሲሰማ ምን እንዲያስብ ይጠበቃል?

አያቴ ከዚያም በኋላ ራዲዮናቸውን አልጣሉም። ባትሪ እየገዙ ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገው የአሜሪካን ድምፅና የጀርመንን ጣቢያ ያዳምጡ ነበር። ሆኖም የሰሙትን እስከ ገበያ ቀን ድረስ ለማንም አይናገሩም፤ ገበያ ወጥተው ከሌላ አፍ ከሰሙት በኋላ ብቻ «እኔም ሰምቻለሁ» ይሉ ነበር። ይህ መሣሪያ የሚፈራ ሰው ጠባይ ነውን?

ይህን ስል የአፍ ወሬን ማመስገኔ አይደለም። ስንቱ ጎረቤት ቡዳ ተብሎ የተገለለው በዚያው በገበያና በምንጭ ዳር ወሬ ነው፤ በዚያ ጊዜ «ማን ነገረህ?» የሚል አይገኝም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ ጓደኞቼ ወሬ የሚያገኙት ከመኪና ረዳት ነበር። አገልግሎቱ ሲመለስ ወጣቱ እንደገና ወደ ፌስቡክና ወደ ቲክቶክ ሮጠ፤ ከመንግሥት ራዲዮንም ይልቅ ያምናቸዋል። ሽማግሎቹ ግን በስልኩ ውስጥ የሚናገረውን አይተው «ይህ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ጥያቄያቸው እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጠርና ሲሣቅበት ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት እኛ ተማሪዎች «ምንጭህን ጥቀስ» እየተባልን ከምንታዘዘው በምንም አይለይም።

ስለዚያ ሚያዝያ በቃል የሚነገረውን ለመሰብሰብ ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ወርጄ ነበር። ካነጋገርኋቸው አንዱ አባት ስልኬን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን አጥፋውና ጻፍ፤ አንተን ዐውቅሃለሁ፣ እሱን ግን አላውቀውም» አሉኝ። አጥፍቼ በእጄ ጻፍሁ።