የልምምድ ራስና የሰው ራስ፤ በጠጉር ሥራ ሙያ ትምህርት አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ስለ ሙያ ትምህርት ሲነሣ በምሳሌነት የሚጠቀሱት አብዛኛውን ጊዜ የብረታ ብረት፣ የእንጨትና የኤሌክትሪክ ሥራዎች ናቸው። የጠጉር ሥራ ከጓዳ የሚለመድ ቀላል ዕውቀት ተደርጎ ስለሚቆጠር እምብዛም አይታሰብም። ይሁን እንጂ ይህ ሙያ ለትምህርት ባለሙያ የሚያቀርበው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ነው። የአናጢነት ተማሪ ሳንቃ ቢያበላሽ ሌላ ሳንቃ ይቀርብለታል። የልብስ ስፌት ተማሪ ጨርቁን አሳስታ ብትቆርጥ ኪሳራው የጨርቁ ዋጋ ነው። የጠጉር ሥራ ተማሪ የምትሳሳተው ግን በሰው ራስ ላይ ነው። የሰው ጠጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስለሚያድግ፣ ያለ አግባብ የተቆረጠ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪተካ ድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ባለጠጉሯም ያንን ስሕተት ተሸክማ ሥራ ትገባለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ሠርግ ትታደማለች።

በዐረቦች ዘንድ ላጭነትን በየቲም ራስ ላይ ስለሚማር ሰው የሚነገር የቆየ ምሳሌ አለ። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጀማሪ መሳሳቱ ስለማይቀር ለስሕተቱ የሚመረጠው ተከራካሪ የሌለው ራስ ነው። የጠጉር ሥራ ሥልጠናም በመጀመሪያ ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ጥያቄ ነው። የተማሪዋን ስሕተት ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ሁለቱ የመማሪያ መንገዶች

በከተሞቻችን ሙያው የሚለመድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በጠጉር ቤት በረዳትነት መግባት ነው። ረዳቷ ወለል ትጠርጋለች፣ ጠጉር ታጥባለች፣ ቢጎዲን ታቀብላለች፣ ደንበኛዋን ካስክ ሥር ታስቀምጣለች፤ በዚህም መካከል የባለሙያዋን እጅ ትመለከታለች። የዚህ መንገድ ጥቅም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከሰው ጋር መገናኘቱ ነው። ረዳቷ ደንበኛ ስትደሰትም ስትከፋም ታያለች። ጉድለቱ ደግሞ ምክንያቱን የሚነግራት አለመኖሩ ነው። ባለሙያዋ እንዲህ ስትሠራ ታያለች እንጂ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሠራች አታውቅም። መቀስ የምትጨብጥበትንም ቀን የሚወስነው ዝግጁነቷ ሳይሆን የገበያው ግርግር ነው። በበዓል ዋዜማ ወንበሩ ሲሞላና እጅ ሲያጥር «እስኪ ይህችን ጨርሻት» ትባላለች።

ሁለተኛው መንገድ የሥልጠና ተቋም ነው። እዚህ ተማሪዋ ጠጉርን በክፍል መለየት፣ መሪ ዘለላ ማውጣት፣ ዘለላውን በተወሰነ ማዕዘን አንሥቶ መቁረጥ በቅደም ተከተል ትማራለች። የምትለማመደውም በልምምድ ራስ ላይ በመሆኑ ስሕተቷ ማንንም አይጎዳም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የልምምድ ራስ አይነቃነቅም፣ አያመውም፣ «አሳጠርሽው» አይልም። ከዚህም በላይ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የልምምድ ራስ ሉጫ ጠጉር የተተከለበት ነው። ሉጫ ጠጉር ርሶ ሲቆረጥም ደርቆ ሲታይም ርዝመቱ ብዙ አይለዋወጥም። ከርዳዳ ጠጉር ግን ሲርስና ሲሳብ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። በሉጫው የተማረችውን ሕግ በከርዳዳው ላይ እንዳለ የምትሠራበት ተማሪ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ ያሰበችው ጠጉር ጆሮ ግንድ ላይ ቀርቶ ታገኘዋለች። እጇ ትምህርቱን በሚገባ ፈጽሟል፤ ዐይኗ ግን ገና አልተማረም።

የሰዓት ቆጠራና የብቃት ዝርዝር

የልዩ ልዩ አገሮች ልምድ የሥልጠናው ርዝመት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያስረዳል። በጀርመን ሙያው በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ጣምራ ሥልጠና ሦስት ዓመት ይፈጃል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ለፈቃድ ይጠየቅ የነበረው 1,600 ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ወደ 1,000 ዝቅ ተደርጓል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሕግ ምዝገባውን ለባለሙያው ፈቃድ የተወ ነው። ሰዓቱ እንዲህ ቢለያይም አንድ ጉድለት ለብዙዎቹ የጋራ ነበር፤ ይኸውም ተማሪዋ ከርዳዳ ጠጉር በሚገባ ሳትነካ የምስክር ወረቀት ልታገኝ መቻሏ ነው። በእንግሊዝ የሙያው ደረጃ ሁሉንም የጠጉር ዓይነት እንዲያካትት የተከለሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛትም ይህንኑ በሕግ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ጥቁር ሕዝብ ለዘመናት በኖረባቸው አገሮች ነገሩ ይህን ያህል ከዘገየ፣ የሉጫ ጠጉር መማሪያን ሳይመረምሩ መቀበል ምን ያህል እንደሚያሳስት መገመት አያዳግትም።

በኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናውን በውጤት ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። ይህም ማለት የሚመዘነው ሠልጣኙ ስንት ሰዓት ተቀመጠ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። መርሑ ትክክለኛ ነው። አደጋው ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ብቃት በዝርዝር ተከፋፍሎ ሲጻፍ መዛኙ «ክፍል አወጣች፣ ቆረጠች፣ አደረቀች» እያለ በየመስመሩ ምልክት ለማድረግ ይመቸዋል። የሙያው ዋና ነገር ግን በመስመሮቹ መካከል ይገኛል። ጠጉሩን ዳስሶ መሳሳቱን ማወቅ፣ የደንበኛዋን ፍላጎት ከጠጉሯ ጠባይ ጋር ማስታረቅ፣ አንዳንዴም «ይህ ለዚህ ጠጉር አይሆንም» ብሎ መቀሱን ማስቀመጥ በምልክት የሚያዙ አይደሉም። ፍርድ የሚባለው ዕውቀት ይህ ነው።

የተዘለለው ዕውቀት

ከርዳዳ ጠጉርን የሚያውቅ ትምህርት በአገሩ የለም እንዳይባል ሹሩባ አለ። የሹሩባ ሠሪ ሙያዋን የምትቀበለው ከእናቷ ወይም ከጎረቤቷ ሲሆን፣ የራስ ቅልን ቅርጽ በጣቷ ታነባለች፣ መስመሩን በሚዶ ጫፍ ሳታዛንፍ ታወጣለች፣ ዘለላውን በእኩል ኃይል ትጎነጉናለች። ሹሩባ የባህል ማሳያ ብቻ ሆኖ በሥርዐተ ትምህርቱ ዳር ቢቀመጥ ከፍተኛ ብክነት ነው፤ የመጀመሪያው የእጅና የዐይን ትምህርት ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሲባል ግን የቆየውን ሁሉ ያለ ነቀፋ መቀበል ማለት አይደለም። አጥብቆ የተጎነጎነ ጠጉር ሥሩን እየሳበ በተለይ በግንባርና በጆሮ አካባቢ ጠጉርን ያረግፋል፤ ሁኔታው ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ጠጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ትምህርት ቤት በዚህ ላይ የሚጨምረው ምክንያቱን ነው። በአንጻሩም ስትራቴጂው ብቃት የትም ይገኝ የት ለምዘና ክፍት እንዲሆን ስለሚፈቅድ፣ የታወቀች ሹሩባ ሠሪ ተመዝና በአሠልጣኝነት የምትረዳበትን መንገድ ማመቻቸት ከመርሑ ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ቅደም ተከተልና ጥንቃቄ

«ለያንዳንዷ ሠልጣኝ የሰው ራስ ከየት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ ከዕቅድ አውጪዎች ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ሩቅ አይደለም። ሃያ ሠልጣኞች ያሉበት ክፍል ልዩ ልዩ ጠጉር ያላቸው ሃያ ራሶች አሉት። የሚፈለገው ወጪ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ማጠብ፣ ማበጠር፣ ሹሩባ መሥራት፣ በቢጎዲን መጠቅለልና በፎን ማድረቅ ቢበላሹ ወዲያው የሚታረሙ በመሆናቸው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እርስ በርስ ሊሠሩ ይችላሉ። መቁረጥ ተመልሶ የማይታረም ስለሆነ በልምምድ ራስ ተጀምሮ በአሠልጣኝ ዐይን ሥር ወደ ሰው ራስ ይሸጋገራል።

ጠጉር የሚያለሰልሱ ኬሚካሎች የመጨረሻውን ቦታ ሊይዙ ይገባል። ከእነዚህ መካከል በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠሩት የጠጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ የሚሰብሩ ኃይለኛ አልካሊዎች ናቸው፤ ደቂቃው ካለፈ ወይም ራሱ ቀድሞ ተቧጥጦ ከሆነ ቆዳ ያቃጥላሉ። የምላጭና የቶንዶስ ንጽሕናም የሚታለፍ ምዕራፍ አይደለም። ያልጸዳ ቶንዶስ ቆረቆርን ከራስ ወደ ራስ ያስተላልፋል፤ ደም የነካ ምላጭ ደግሞ የኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ቫይረሶችን ሊያስተላልፍ ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሂስ የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የመጨረሻው ምዘና ቢያንስ በሁለት ዓይነት ጠጉር፣ በሰው ራስ ላይ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መዛኙ ሥራውን ባለቀበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ደንበኛዋ በቤቷ አጥባ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ ቢያየው መልካም ነው። የአቆራረጥ እውነተኛ መልክ የሚታየው የፎኑ ሙቀትና የቅባቱ ውበት ከለቀቁት በኋላ ነውና። ሦስተኛ፣ ለልምምድ የሚቀመጥ ሰው በተማሪ እጅ እንደሚሠራለት አስቀድሞ ሊነገረው፣ ስሕተት ቢፈጠርም አሠልጣኙ ያለ ክፍያ ሊያርም ይገባል። ነጻ ወይም ርካሽ መሆኑ የክብሩ መቀነሻ ሊሆን አይገባም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ለመምህራኑ የቀረበ ነው። የተማሪዋን ዝግጁነት የሚያረጋግጥ አሠልጣኝ በመጀመሪያ የራሱን ጠጉር ለመቀሷ ቢያቀርብ፣ ፊርማው ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ያውቀዋል። የመምህሩ ራስ ሳይቀርብ የየቲሙ ራስ ሊቀርብ አይገባም።