ፈዘዘ፣ ጨለመ፣ ጠፋ

ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ሱቄ የሚገባ ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለትን ግስ ልብ ብዬ እሰማለሁ። «ስክሪኑ ጠፋ» የሚለኝና «ስክሪኑ ፈዘዘ» የሚለኝ ደንበኛ ይዘውት የመጡት በሽታ አንድ አይደለም። «ብልጭ ድርግም ይላል» ያለኝ እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ ገና ከቦርሳው ሳይወጣ ዓይኔ ማጠፊያውን ይፈልጋል። ችግሩ ሰው ሲደነግጥ ቃል አይመርጥም፤ የፈዘዘውንም የጨለመውንም «ሞተ» ይለዋል። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ። ጭራሽ ምንም አይታይም? ወይስ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥላ ነገር አለ? ቻርጀሩ ሲነቀል ነው ወይስ ሁልጊዜ? ክዳኑን ወደ ኋላ ሲገፉትስ?

ሥራውን ስጀምር ይህ ሁሉ ጥያቄ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ ጠጋኝ ማለት ቶሎ የሚፈታ መስሎኝ።

አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን በራሱ አያበራም። ፊት ለፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ ነው፤ ሥራው ብርሃን ማሳለፍና መከልከል ብቻ ነው። ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ከተደረደሩ ጥቃቅን ኤልኢዲዎች ተነስቶ በጀርባው ይሠራጫል። (ኦሌድ የሚባሉት ውድ ስክሪኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች።) ስለዚህ ምስሉ በሕይወት እያለ መብራቱ ብቻ ሊሞት ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ፦ የስልክ ባትሪ። ባትሪ ስል መብራቱን ማለቴ ነው፤ አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሰጠ «ባትሪውን አምጣው» ባልኩ ቁጥር ተለማማጄ የላፕቶፑን ባትሪ መፍታት ይጀምራል። መብራቱን ስክሪኑ ላይ ሰያፍ አድርጎ መያዝ ነው። ፎልደሮቹ እንደ ጥላ ከታዩ ምስሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ከጀርባ ነው።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሌላ ቦታ «ስክሪን ካልተቀየረ አይሆንም» ተብላ መጣች። ባትሪ ሳበራበት የልጇ ፎቶ ከጨለማው ውስጥ ብቅ አለ። ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ ኬብል በሚሄደው መስመር ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፊውዝ አለች። በቴስተር ስለካት በአንዱ ጎኗ 19 ቮልት፣ በሌላው ዜሮ። ግን ፊውዝ ያለምክንያት አይቃጠልም፤ እሷን ቀይሮ ገንዘብ መቀበል ግማሽ ሥራ ነው። በሽቦ ማገናኘትማ ሥራም አይባል፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ቦርዱ ይሆናል። «ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው አለ?» ብዬ ስጠይቃት ወንድሟ የላላ ማጠፊያ ሊያጠብቅ ፈትቶት እንደነበር ነገረችኝ። ገባኝ። ባትሪውን ሳይነቅል የስክሪኑን ኬብል አውጥቶ መልሶ ሰክቶታል። የጀርባ መብራቱ ኤሌክትሪክ ከምስሉ መስመሮች ጋር በዚያው አንድ መሰኪያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ኬብሉ ትንሽ ዘመም ብሎ ከገባ ይነካካሉ። በወንድሟ አልፈረድኩበትም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደህና ማሽን በዚሁ መንገድ አጨልሜ የፊውዙን ብቻ ሳይሆን የስክሪኑንም ዋጋ ከኪሴ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባትሪው መሰኪያ ነው።

ካቻቪቴ የማያስፈልጋቸው ግን ይበዛሉ። «መብራት ሲሄድ ስክሪኑም ይደክማል» የሚለኝ ሰው ማሽኑ አልተበላሸበትም። ብዙ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ሲሆንና በባትሪ ሲሠራ የተለያየ ብርሃን ይይዛል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ባትሪው ወደ 20 በመቶ ሲወርድ የባትሪ ቆጣቢው በራሱ ተነስቶ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። መብራት ለሚመላለስበት ሰው ይህ በሽታ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ፎርማት ተደርጎ የሚመጣም አለ። የብርሃን መቆጣጠሪያው ጭራሽ የለም፤ ፀሐይ የተሳለባትን ቁልፍ ቢጫኗት ንቅንቅ የሚል ነገር የለም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ስገባ በኢንቴል ወይም በኤንቪዲያ ስም ፈንታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኘሁ ነገሩ አለቀ፤ ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ነው። በዚህች ምክንያት ብቻ ስክሪን የተቀየረለት ማሽን እጄ ገብቶ ያውቃል። አዲሱም ስክሪን ያው ነበር።

ከሁሉም ሰውን የሚያሳብደው ግን ነጭ ገጽ ሲከፈት የሚደምቅ፣ ጠቆር ያለ ነገር ሲመጣ የሚፈዝ ስክሪን ነው። ይህ ኃይል ለመቆጠብ የምስሉን ይዘት እያየ የጀርባ መብራቱን ዝቅ የሚያደርግ የኢንቴል ቅንብር ነው፤ ቻርጀር ሲሰካ ስለሚጠፋ እኔ ጋ መጥቶ ሶኬት ላይ ሲውል ጤነኛ ይሆናል። አንዱ ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ሚስቱ ዓይኑን እንዲመረመር ከነገረችው በኋላ ነው የነቃሁት። የካፌ በረንዳ ላይ በቀትር ፀሐይ ተቀምጦ «ፈዘዘብኝ» ለሚለኝ ግን መድኃኒት የለኝም። የተራ ላፕቶፕ ብርሃን 250 ኒት አካባቢ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይግባ።

በእጅ ከሚነኩት ብልሽቶች ውስጥ የማጠፊያው ኬብል ይበልጣል፤ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታጠፈ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ክዳኑን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ በቂ ምርመራ ነው። ከኤልኢዲ በፊት በነበሩት ላፕቶፖች የጀርባ መብራቱ ቀጭን ቱቦ ነበር፤ ሲያረጅ ስክሪኑ ሲበራ ወደ ሮዝ ያደላ ነበር። ቆንጆ ቀለም ነበር። ቱቦውን የሚያበራው ኢንቨርተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያወጣ ግን አይናፈቅም።

ከነዚህ ሁሉ የማይረሳኝ አንድ ወጣት ነው። «ስጽፍበት ይጠፋብኛል» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ይጠፋብኛል» የሚለውን ብቻ ነበር። ኬብሉን ፈተሽኩ፣ ድራይቨሩን ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፊልም ከፍቼ አዋልኩት፤ አንዴም አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን ሊወስደው ሲመጣ «እስኪ እዚሁ ሞክረው» አልኩት። ተቀምጦ ሁለት መስመር እንደጻፈ ስክሪኑ ድርግም አለ። ተነስቶ ሊያሳየኝ እጁን ሲያነሳ ተመልሶ በራ። ግራ እጁ ላይ ለደም ዝውውር ይጠቅማል ብለው የሸጡለት የማግኔት አምባር ነበር። ክዳኑ መዘጋቱን ለማሽኑ የሚነግረው ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ያለ ሴንሰር ሲሆን የሚያውቀውም ክዳኑ ላይ ባለች ማግኔት ነው፤ አምባሩ በተጠጋው ቁጥር ክዳኑ የተዘጋ ይመስለዋል።

አምባሩን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና ጻፈ። አልጠፋም። «ስንት ነው ሒሳቡ?» ሲለኝ፣ ሁለት ቀን ያዋልኩትን ፊልም ነው ያስታወስኩት።