ባሕርን በመስታወት ስለ ማሳደር

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ፣ የበርበሬ ሽታና የመዶሻ ድምፅ በማይለዩት በመርካቶ መካከል ሆኖ፣ ባሕረ ኤርትራን ከነኮራሉና ከነኅብረ ቀለሙ በመቶ ሊትር መስታወት ውስጥ ለማሳደር የሚያስብ ሰው፣ ድካሙ ሥነ ፍጥረትን የመመርመር ትጋት ነውና አድናቆት ይገባዋል። አሳቡም ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ የደናክል በረሃ በጥንት ዘመን የዚያው ባሕር ክንድ እንደ ነበረ፣ ድንጋይ ሆነው የቀሩት ኮራሎች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

መስታወቱን በሲሊኮን ማጣበቅ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚሸከም የብረት መቆሚያም በመርካቶው ምናለሽ ተራ ማስበየድ ቀላሉ ነው። ጭንቁ ጨው ላይ ነው። ከአፍዴራ የሚመጣው የገበያ ጨው ወጥን ቢያጣፍጥም፣ ኮራል አፅሙን የሚያንጽበት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምም በበቂ መጠን ስለሌለው፣ ለዚሁ የተቀመመ የባሕር ጨው ተፈልጎ፣ ክሎሪን በሌለበት ንጹሕ ውሃ በየሊትሩ 35 ግራም ያህል እየተመዘነ ይሟሟል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወድደው ግን ዓሣ ሳይገባ የሚታለፉትን ሳምንታት ነው። በዚያ ሱባዔ መሰል ጊዜ በመስታወቱ ውስጥ በተደረደረው ድንጋይ ላይ ቡናማ ልባስ ብቅ ይላል፤ ለዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያንም መርዛሙን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይህን ሳይጠብቅ ዓሣ የሚያስገባ ፍጡሩን ይገድላል።

በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳልና፣ ፓምፕ የውሃውን ገጽ ዘወትር እንዲያናውጥ ማድረግ፣ መብራት ለሚጠፋበት ሌሊትም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል።