ካርታ ላይ የሰፈረ ፊርማ

በካርታ ምትሃት ከማደንቃቸው ልማዶች ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ተመልካቹ የመረጣት ካርታ ላይ በገዛ እጁ እንዲፈርም ማድረግ ነው።

ያለ ፊርማ ጥርጣሬ ቀላል ነው። እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ጎረምሶች ካርታ ሲጫወቱ እያየ ያደገ ሰው «ከሌላ እሽግ መንትያዋን አምጥቶ ነው» ለማለት ጊዜ አይፈጅበትም። ከተፈረመባት በኋላ ግን ካርታዋ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት። ልሙጡ ገጽ እስክሪብቶ በደንብ ስለማይቀበል ባለሙያዎቹ ለተመልካቹ ማርከር ይሰጡታል፤ የፊደሉ መዝመም፣ የቀለሙ መወፈር የፈራሚው የራሱ ነው። ይህን ማን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይመጣል?

ዝነኛው የምትሃት ባለሙያ ሃሪ ሁዲኒ ማንኛውንም የምትሃት ትርኢት ሦስት ጊዜ ካየ ምሥጢሩን እንደሚደርስበት ይናገር ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ የካርታ ምትሃት ባለሙያው ዳይ ቨርነን ካርታ አስመረጠውና የስሙን መነሻ ፊደላት አስጻፈው። ካርታዋን ከላይ ሁለተኛ አድርጎ ሲያስገባት እላይ ተገኘች። ደጋገመለት፤ ሁዲኒ አልደረሰበትም። ጽሕፈቱ የራሱ ነውና «ሌላ ካርታ ነው» የሚል ማምለጫ አልነበረውም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ልግስናው ነው። ብዙ ጊዜ የተፈረመባት ካርታ ለተመልካቹ ትሰጣለች፤ 52ቱ 51 ይሆናሉ፣ ባለሙያው አዲስ እሽግ ይገዛል። ፊርማችንን የለመድነው በዋስትና፣ በቤት ኪራይ ውል፣ በዕድር መዝገብ ላይ ነው፤ ግዴታ ይከተለዋል። እዚህ ግን ፈራሚው ምንም ዕዳ ሳይገባ፣ ራሱ ምስክር የሆነበትን ተአምር ኪሱ ከትቶ ይሄዳል።