ንቡ ያልደረሰላቸው

ጎንደርን አይቶ የሚመለስ እንግዳ አንድ ተረክ ሳይሰማ አይመለስም። ተረኩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል ሆነ። ድል አድራጊዎቹም ወደ ጎንደር ገሠገሡ፤ ከተማዋን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጃፍ ሲደርሱ ግን የንብ መንጋ ወጣባቸው። ቅዱስ ሚካኤልም የእሳት ሰይፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ የሚሉ አሉ። ጠላት ተበተነ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ተረፈች። አስጎብኚው ይህን ተናግሮ ሲያበቃ እንግዳው ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፤ እነዚያን በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ የመላእክት ፊቶች አይቶ ይደነቃል፤ ልቡ ሞልቶ ይወጣል።

ይህ ጸሐፊም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገውን ይህን ተረክ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድም ጥያቄ ሳያነሳበት ኖሯል። እንዲጠይቅ ያደረጉት አክስቱ ናቸው።

አክስቴ የዳባት ገጠር ሰው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ሲዘልቅ የለበሱትን እንደለበሱ ከቤታቸው ወጡ። ቤታቸው ከነእህሉ ነደደ። ጎንደር ከተማ እናቴ ቤት መጥተው ተጠጉ። እኔም በዚያው ሰሞን የምጽፍበት መጽሔት ተዘግቶብኝ፣ የአዲስ አበባውን የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ እዚያው እናቴ ቤት ገብቼ ነበር። የእኔን ከእሳቸው ጋር ማወዳደር ነውር ነው። የእኔ የኪስ ነገር ነው፤ የእሳቸው የዕድሜ ልክ ድካም ነው። ነገር ግን ሁለታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ከዚህ በኋላስ ምን ሊኮን ነው እያልን እናድር ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ጥላ ይዘን ተቀምጠናል። አንድ ወጣት ለመጡ እንግዶች የንቡን ነገር ይተርካል። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ አዳመጡ። ከዚያም ለእሱ ሳይሆን ለእኔ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የእኛስ ንብ ወዴት ሄዶ ነበር፣ ልጄ?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። ቆየት ብለው፣ "ሦስት ቀፎ ነበረኝ። ከቤቱ ጋር ነደደ" አሉ።

በዚያን ዕለት የምመልሰው አላገኘሁም። እዚህ የምጽፈውም መልስ ሊባል አይችል ይሆናል። ሆኖም ጥያቄው የአንዲት የገጠር ሴት ብሶት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሂስ ጥያቄ ነው። ስለ ተስፋ የምንተርክበትን መንገድ ከሥሩ ይነካዋል።

እስቲ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በር ላይ የሚሸጡትን የተአምርና የምስክርነት መጻሕፍት ልብ ብለን እንመልከታቸው። የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም ጋ አሉ። የብዙዎቹ አሠራር አንድ ነው። ሰው በደኅና ይኖር ነበር፤ ያላሰበው ነገር ደረሰበት፤ ጸለየ፣ ተሳለ፤ ዳነ። እንበል አውቶቡስ ገደል ገባ፤ አሥራ አንዱ ሞቱ፤ አንዱ ተረፈ። መጽሐፉን የሚጽፈው የተረፈው ነው። ተመስገን ማለቱ ደግ ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ዳሩ ግን የአሥራ አንዱ እናቶች ያንን መጽሐፍ በምን ዓይናቸው ያነቡታል? የእነሱ ልጆች አልጸለዩም ነበር? እናቶቹስ አልተሳሉም ነበር? ተራኪው ይህን ሊል አልፈለገም፤ አላሰበውምም። ግን ተረኩ ራሱ፣ ተራኪው ሳያውቀው፣ ይለዋል። የንቡ ታሪክም ተቆርጦ ሲነገር የሚለው ይህንኑ ነው። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ነች ይባላል። አንዷ በንብ ከዳነች የቀሩት ምን በድለው ነደዱ?

እንግዲህ ወደ ሥዕሉ እንመለስ። እኔ እንደማየው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊዎች ከአስጎብኚዎቿ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። በ1686 ዓ.ም. ተመረቀች። እኒያ ታላቅ የተባሉ ንጉሥ ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1699 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ዙፋኑን ከያዘ በኋላ ተገደሉ። ጥንት የተሠራው ሕንጻ ክብ እንደነበረ፣ ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘኑ በኋላ የተሠራ እንደሆነ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ! ተረፈች እያልን የምናደንቃት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ፈርሳ የተሠራች ናት። ያሠሯትም ንጉሥ ከልጃቸው ቤት ከመጣ ሞት አልተረፉም።

ጣሪያው ላይ ያሉት ክንፋም ፊቶች በመባዛታቸው ስለታወቁ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ብዛታቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ ሁሉ አንዱም ሰይፍ አልያዘም፤ እጅም የለውም። ዓይን ብቻ ነው። ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው ከሥራቸው ያለውን ሰው ያያሉ። ሠዓሊው እነዚህ መላእክት ያድኗችኋል አላለም። ያዩአችኋል አለ። በመከራ ላይ ላለ ሰው የመጀመሪያው ስንቅ ይኸው ነው፤ አለመረሳት።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቅደሱ በሮች ዘወር ይሏል። ከበሮቹ በላይ ባለው ግድግዳ ሥዕለ ሥላሴ አለ፤ ከእሱ ሥር ስቅለት ተስሏል። ምእመኑ ሁሉ ፊቱን የሚያዞርበት፣ የሕንጻው ልብ የሆነ ቦታ ነው። ሠዓሊው እዚያ ላይ ሊስለው የሚችል የመዳን ታሪክ ሞልቶት ነበር። ሦስቱ ሕፃናት ከእቶን እሳት ሲወጡ፣ ዳንኤል ከአንበሶች አፍ ሲተርፍ ሊያሳየን ይችል ነበር። እሱ ግን ማንም መጥቶ ያላወረደውን፣ ንብ ያልደረሰለትን ሰው ሳለ። ያውም ከሥላሴ ሥር፣ በአብ ፊት። የንቡን ታሪክ ሰምቶ ወደዚህ ግድግዳ የሚዞር ሰው ሁለቱ እንደማይገጥሙ ሊሰማው ይገባል። አንደኛው፣ እግዚአብሔር ያለበት ቤት አይነካም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ተነካ ይላል።

ይህ እንዳይገጥም የሚያደርገው ነገር በይበልጥ የሚታየው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሌላ ደብር፣ በቁስቋም ነው።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃኑን ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሠው፣ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር ያስተዳደሩ ሴት ነበሩ። በዚያ የደስታና የሥልጣን ዘመናቸው ለቤተ ክርስቲያናቸው የመረጡት ስም ይገርማል። ቁስቋም ማለት ድንግል ማርያም ከሄሮድስ ሸሽታ ሕፃኑን ይዛ ያረፈችበት የግብፅ አገር ቦታ ነው። የስደት ማረፊያ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያን ስደት ለማስታወስ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ አርባ ቀን መድባለታለች፤ ወርኀ ጽጌ የምንለው ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ የቁስቋም በዓል ይከበራል። ለስደት አርባ ቀን ሙሉ የሚዘምር፣ ስደቱንም ከአበባ ወራት ጋር ያገናኘ ሕዝብ ድንገት ስለሚገለባበጥ ኑሮ የሚያውቀው ነገር አለው።

እቴጌይቱም የስሙን ትርጉም በገዛ ሕይወታቸው አዩት። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸው ኢያሱ ሞቱ። በ1761 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። የሦስቱም አፅም ዛሬ በዚያው በቁስቋም ይገኛል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ። ቁስቋምንም ደርቡሾች አልማሯትም። መቅደሱ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ግን ጣሪያ አልባ ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል።

እዚህ ላይ የአክስቴ ጥያቄ ከወንጌሉ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የቁስቋም ታሪክ ላይ ላዩን ሲታይ ራሱ የንብ ታሪክ ነው። መልአክ ለዮሴፍ በሕልም ነገረው፤ አንድ ሕፃን ዳነ። የቤተ ልሔም ሕፃናት ግን በሰይፍ አለቁ። ለእናቶቻቸው መልአክ አልመጣም። ወንጌላዊው ማቴዎስ ይህን ሊደብቅ ይችል ነበር፤ ታሪኩ ባማረለትም ነበር። አልደበቀውም። ከማምለጡ ታሪክ አጠገብ የእናቶቹን ልቅሶ ጻፈ፤ መጽናናትንም እምቢ አሉ ብሎ ተወው። አላጽናናቸውም! ከዚያም ያ ያመለጠው ሕፃን አድጎ ራሱ ወዳላመለጠበት ሞት ሄደ። በክርስትናው ታሪክ የአንዱ መዳን የጉዞው መጨረሻ አይደለም፤ የተረፈው የተረፈው ላልተረፉት ነው። የስደቱ ሥዕልና የስቅለቱ ሥዕል ተያይዘው ካልታዩ የመጀመሪያው ጨካኝ ተረት ይሆናል።

ታዲያ የንቡን ታሪክ እንጣለው ማለቴ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ራሴን ማረም አለብኝ። ታሪኩን መጀመሪያ የተናገሩት እነማን ነበሩ? ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች አልነበሩም። የገዛ ደብራቸው የነደደባቸው፣ ዘመዶቻቸው ተማርከው የተወሰዱባቸው፣ ገና በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ የደረሰባቸውን ዘረፋና ቃጠሎ ያልረሱ ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎም ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣባቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ዐፄ ዮሐንስን አጡ። በዚያ ሁሉ አመድ መካከል ቆመው፣ "አንዷ ተርፋለች" ሲሉ እየተመጻደቁ አልነበረም። ከእሳት የተረፈች ፍም ፈልገው ጭድ ላይ እንደሚያኖሩ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ተራኪዎች የታሪኩን ሌላ ግማሽ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ ውስጡ ቆመው ነበርና። ጥፋቱ የእኛ ነው። እኛ ንቡን ይዘን አመዱን ጣልነው።

ስለዚህ የዚህ ሂስ ልመና ትንሽ ነው፤ ታሪኩን ሙሉውን እንናገረው። አስጎብኚው ስለ ንቡ ሲያወራ ስለ ነደዱትም ያውራ፤ ጊዜ ያለውን እንግዳ ወደ ቁስቋምም ይውሰደው። ሰባኪውም የተረፈውን ሰው ለምስክርነት ሲያቆም ያልተረፈው ሰው እናት ከፊቱ እንደተቀመጠች ያስብ። እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብተን "ለበጎ ነው" ለማለት አንቸኩል። ለበጎ ነው የሚለውን ቃል ሐዘንተኛው ራሱ፣ በጊዜው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊለው ይችላል። ከእሱ ቀድሞ የሚናገረው ሰው ግን ቁስሉን ሳያይ ጨርቅ የሚጠቀልል ነው። ቤት ለነደደበት ሰው እምነት ካለን ቆርቆሮና ምስማር ይዘን እንምጣ፤ ያቃጠለው ማን እንደሆነም ለመጠየቅ አንፍራ። ተስፋ ፍትሕን አይተካም።

አክስቴን በኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ወሰድኳቸው። የምንትዋብን ታሪክ ነገርኳቸው። ስለ ልጃቸውና ስለ ልጅ ልጃቸው ስሰማቸው "አይ እሳቸው! ምን ይበሉ?" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። የንግሥት ሐዘን ነው ብለው አልራቁትም፤ የጎረቤት ሐዘን አድርገው ወሰዱት። ከዚያም ታቦቱ ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር እልል አሉ። ምን አስበው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጥያቄያቸውን ግን እዚያ ጥለውት የመጡ አልመሰለኝም፤ ይዘውት እንደመጡ ይዘውት ተመለሱ። ከእምነት ጋር አብሮ መኖር የማይችል ጥያቄም አልነበረም።

ዛሬ ወደ ዳባት ተመልሰዋል። ቤቱ እንደ ቀድሞው አይሰፋም፤ ቆርቆሮው ግን አዲስ ነው። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃቸው ሄጄ ከጓሮው ወይራ ላይ አንድ አዲስ ቀፎ ተሰቅሎ አየሁ። ወንድማቸው ልጅ አጥኖ ሰቅሎላቸው ነው። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ደቀንኩ፤ ምንም ድምፅ የለም።

"ንብ ገባበት እንዴ?" አልኳቸው።

"ገና ነው" አሉኝ። "አበባው ግን አለ።"