«ፍላጎት» የተሸከማቸው ፍቺዎች፦ በማይክሮ ኢኮኖሚክስ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በመግቢያው የኢኮኖሚክስ ትምህርት የአቅርቦትና የፍላጎት መስመሮች እንደ ተሰጡ ይወሰዳሉ። በመካከለኛው የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ግን የፍላጎት መስመር ከምን እንደሚመነጭ ደረጃ በደረጃ ይመረመራል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ተማሪውም ሆነ ተርጓሚው ነገሩን በአማርኛ ለማስረዳት ሲነሣ ለየደረጃው የሚቀርብለት ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም «ፍላጎት» ነው።

ጉዳቱን በምሳሌ እናሳይ። ቡና ወዳድ የሆነ ሸማች፣ ዋጋ ሲወደድበት፣ በወር ይገዛ የነበረውን ሁለት ኪሎ ወደ አንድ ዝቅ ያደርጋል። ለቡና ያለው መሻት አልተለወጠም፤ ቡናን ከሻይ ማስበለጡም እንዳለ ነው። የተለወጠው የሚገዛው መጠን ብቻ ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገርም ይኸው ልዩነት ነው። በተለመደው ስያሜ ስንጽፈው ግን «ፍላጎቱ ሳይለወጥ ፍላጎቱ ቀነሰ» የሚል እርስ በርሱ የሚጋጭ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ጥፋቱ የስያሜው እንጂ የሳይንሱ አይደለም።

«ፍላጎት» ከ«አቅርቦት» ጋር ተጣምሮ ስለ ሠረጸ ይነቀል አንልም። ለገበያው ፍቺ ብቻ ይወሰን፤ በአንድ ዋጋ የሚገዛው ልክ «የተፈለገ መጠን»፣ የውስጥ ስሜቱ «መሻት»፣ አንዱን ከሌላው አብልጦ ማየት «ማስበለጥ» ይባል እንላለን። «ምርጫ» ለድርጊቱ ይቀመጥ፤ ሰው የሚያስበልጠውን ሁሉ ለመምረጥ ገቢው አይፈቅድለትምና።

«ዩቲሊቲ»ን «ጠቀሜታ» ማለትም ያሳስታል። ሲጋራ ለአጫሹ ጠቀሜታ አለው ቢባል የአማርኛ ጆሮ አይቀበለውም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ከግሪክኛ ተነሥቶ «ኦፌሊሚቴ» የሚል ቃል የፈጠረው ጠቃሚነትን ከተፈላጊነት ለመለየት ነበር። ቃሉ አልጸናም። እኛ «እርካታ» ስላለን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻንም። ሆኖም ሂክስና አለን እ.ኤ.አ. በ1934 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ የተስፋፋው ትምህርት እርካታን በቅደም ተከተል እንጂ በልኬት ስለማያየው፣ መዝገበ ቃላቱ ይህን በፍቺው ውስጥ ማስፈር ይገባዋል።

ሁለት የዕቃ ጥምሮችን እኩል የሚያይ ሸማችንም «ግዴለሽ» ማለት በሰውዬው ላይ ነቀፋ መጫን ነው፤ ቸል ያለው ነገር የለምና። ጥምሮቹን የሚያገናኘው መስመር «የእኩል እርካታ መስመር» ቢባል ነገሩም ቃሉም ይገጥማሉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድ ሙያ ስያሜዎች በተናጠል ሊተረጐሙ እንደማይገባ ነው። አንዱ ቃል የጎረቤቱን ቦታ ከወሰደ፣ ጎረቤቱ መጠለያ ያጣል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ሐሳብም አብሮ ይጠፋል።