በፋብሪካ ሐዲድ ላይ የወደቁ ሠራተኞች፦ የክሪስታል ኢስትማን መጽሐፍ ለጤና ባለሙያ የሚለው

አንድ ሠራተኛ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ተጨፍልቆ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ፣ በካርዱ ላይ የምንጽፈው የተሰበረውን አጥንትና የተቆረጠውን እግር ነው። ፉርጎው ለምን እንደተንቀሳቀሰ፣ ሠራተኛው ያን ዕለት ስንት ሰዓት እንደሠራ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። አሜሪካዊቷ የሕግ ባለሙያ ክሪስታል ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመችው «የሥራ አደጋዎችና ሕጉ» የተሰኘ መጽሐፍ የሚጀምረው እኛ ብዕራችንን ከምናስቀምጥበት ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ፒትስበርግ ከተማ በምትገኝበት በአሌጌኒ አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1906 እስከ ጁን 1907 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 526 ሰዎች በሥራ ላይ ሞተዋል፤ ከእነዚህም 195ቱ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ 125ቱ የባቡር፣ 71ዱ የማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። ይህን ክፍፍል ብቻ የሚያይ አንባቢ ፉርጎ የሚገድለው የባቡር ሠራተኛን ብቻ ሊመስለው ይችላል። ጸሐፊዋ ግን አንባቢውን ወደ ፋብሪካው ግቢ ይዛው ትገባለች፤ በጠባብ ሐዲድ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ባቡሮች ሠራተኛው በሚመላለስበት ቦታ ሁሉ እንደሚያልፉ ታሳየዋለች። እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰው በመካከል ሳይገባ የሚያያዙ ፉርጎዎችን አስገዳጅ ቢያደርግም፣ ያነጣጠረው ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚያመላልሱ የባቡር ድርጅቶች ላይ ነበር።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው ግድየለሽነት ነው» የሚለውን የዘመኑን አባባል እንደ እውነት አለመቀበሉ ነው። ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ሞት እየተከታተለች የመሣሪያውን ጉድለት፣ የሥራውን ጥድፊያና የሰዓቱን ርዝመት ትመረምራለች። ከዚያም ከጥፋተኛው ማንነት ይልቅ «ኪሳራውን ማን ይሸከም?» ወደሚለው ጥያቄ ትሻገራለች። ባለትዳር ሟቾች ከተዋቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሠሪው ያገኙት 100 ዶላር ወይም ከዚያ በታች፣ አንዳንዶቹም ምንም ነበር። ጸሐፊዋ ራሷ የተሳተፈችበት የኒው ዮርክ የካሣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1910 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ፍርድ ቤት ሻረው። የተሻረውም አንድ ጉዳት የደረሰበት የባቡር ሠራተኛ ባቀረበው ክስ ሰበብ መሆኑ ያሳዝናል። ክፍለ ግዛቱ ሕጉን መልሶ ለማቆም እ.ኤ.አ. በ1913 ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበረበት።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የሦስት ወር የቁስለኞች ዝርዝር የተሰበሰበው ከሆስፒታሎች በመሆኑ፣ በቤቱ የታከመው ወይም ሕክምና ያላገኘው ሠራተኛ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ከሁሉ በላይ ከሐዲዱ እስከ ሆስፒታሉ ስላለው ጊዜ የሚናገረው ጥቂት ነው። በፉርጎዎች መካከል የተያዘ ሰው እስኪላቀቅ ድረስ ሲናገር ይቆይና በተላቀቀ ቅጽበት ደሙ ሊፈስስ እንደሚችል እናውቃለን። ጡንቻው ለረጅም ሰዓት ከተጨፈለቀም፣ ከጡንቻው የሚወጣው ፖታሲየም ልብን፣ ማዮግሎቢን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ከመላቀቁ በፊት መጀመር አለበት። ይህ የሕመም ሁኔታ በለንደን የቦምብ ድብደባ ቁስለኞች ላይ በዝርዝር የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1941 ስለሆነ፣ ጸሐፊዋን ባለማወቋ መውቀስ አይገባም። ወቀሳው የሚገባው እያወቅን ለማንዘጋጅ ለእኛ ነው።

በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የአሠሪው መዝገብ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሐኪሙ ካርድ ጋር ሲነጻጸር ነው። በካርዱ ላይ «አደጋ» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ «ሐዲድ ሲያቋርጥ ወደ ኋላ በሚሄድ ፉርጎ ተገጨ፤ ጠቋሚ ሰው አልነበረም» ብሎ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኢስትማን ሐኪም አልነበረችም፤ ሥራዋ ግን የሕመምተኛን ታሪክ በሙሉነት የመውሰድ ያህል ነው። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባውም ለዚህ ነው።